ካሜራው ከደጅ ይቁም

ጌታችን በተራራው ስብከቱ «መልካሙን ሥራችሁን አይተው በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ እንዲሁ በሰው ፊት ይብራ» አለ (ማቴ. 5፥16)። ጥቂት ቆይቶ ምዕራፍ 6 ላይ ስለ ምጽዋት ሲናገር ደግሞ «በፊትህ መለከት አታስነፋ» ይላል። ስብከቱ አንድ ነው፤ ሰሚዎቹም እነዚያው ናቸው። ታዲያ መልካም ሥራ ይታይ ወይስ ይደበቅ? ስልክ የያዘ ምእመን ሁሉ ይህ ጥያቄ ይመለከተዋል።

መልሱ እዚያው ጥቅሶቹ ውስጥ አለ። በመጀመሪያው ክብሩ ወደ አብ ይሄዳል። መለከት አስነፊዎቹ ግን የሚያደርጉት «በሰው ዘንድ ሊከበሩ» ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ከመልቀቃችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ። ተመልካቹ አይቶ ሲጨርስ የማንን ስም ይዞ ይሄዳል?

በዓል ሲደርስ ቲክቶክ ላይ የሚለቀቀውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ወጣቱ አምስት ሊትር ዘይትና ዱቄት ይዞ ይመጣል። ይቀበላሉ፣ ይመርቃሉ። «ማዘር፣ ካሜራው አልያዘውም፤ እስቲ አንዴ እንደገና ይቀበሉኝ።» ዘይቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይሰጣል፣ ምርቃቱም ይደገማል። ከዚያ ካሜራው ቤት ይገባል። መደቡ፣ የተቀደደው ብርድ ልብስ፣ ባዶው ድስት አንድ በአንድ ይቀረጻል። «ፈቅደው እኮ ነው» ይባላል። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም። ዘይቱ በልጁ እጅ እያለ እምቢ የሚሉት እንዴት ብለው ነው?

ዘዳግም 24፥10-11 ላይ ስለ አበዳሪ የተጻፈ ሕግ አለ። ለባልንጀራው ያበደረ ሰው መያዣ ሊወስድ ወደ ቤቱ አይግባ፤ ውጭ ይቁም፤ ተበዳሪው ራሱ ያውጣለት ይላል። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው መብት አለው። ያበደረው የገዛ ገንዘቡን ነው። እንደዚያም ሆኖ ደጃፉን አያልፍም፤ የድሃውን ገበና አያይም። ለአበዳሪ ያልተፈቀደ ለመጽዋች ከየት መጣ?

እንዲህ ስል ግን ስልካችሁን አጥፉ ማለቴ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች እርዳታ ሲያሰባስብ ነገሩን በደብዳቤ በይፋ ጽፎታል። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ የመቄዶንያ አብያተ ክርስቲያናት በመከራና በድህነት ውስጥ ሆነው እንዴት እንደሰጡ ለቆሮንቶስ ሰዎች ይነግራቸዋል። ሌላውን ለማነሣሣት ነው። ከሰጪዎቹ ግን የአንዱንም ስም አልጠራም። (በእኛም ዘመን መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት ሕዝቡን ሲያስተባብር አይተናል። ሚዲያው ሲያውቁበት ትልቅ በረከት ነው።)

ገንዘብ የላካችሁበትን ደረሰኝ ስክሪንሾት ኮሜንት ላይ መለጠፍም እንግዲህ በዚሁ ይታያል። ሌላውን የሚያበረታታ ከሆነ ክፉ አይደለም። ስማችሁን ቆርጣችሁ ለጥፉት። ያኔም ያበረታታል። ስሙ ሲቆረጥ ደስታው ከቀነሰ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

የዚያኑ የ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ማለፊያ ትምህርት ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ጳውሎስ ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም። ቲቶንና ሌሎች ሁለት ወንድሞችን መደበ። ምክንያቱንም ሲናገር ስለዚህ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል (8፥20-21)። ሐዋርያ ነው እኮ! «እኔን አታምኑም?» ማለት ይችል ነበር።

የእኛ ግሩፖች ግን «ለታመመች እህታችን» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ወዲያው ሼር ነው። ጽሑፉ መቼ እንደወጣ አይታይም። ልጅቷ ድና ወይም አርፋ ፎቶዋ ገና ይዞራል፤ አንዳንዴም የሂሳብ ቁጥሩ በሌላ ሰው ተቀይሯል። ስለዚህ ከማስተላለፋችሁ በፊት ቀኑን እዩ። ወደተጻፈው ስልክ ደውሉ፤ ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰውም ፈልጉ። በባንክ መተግበሪያም ሆነ በቴሌብር ስትልኩ የተቀባዩ ስም ቀድሞ ይመጣል፤ ከታማሚዋ ወይም ከቤተሰቧ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቁ። ይህ እምነት ማጣት አይደለም። ሌላ ቀን በእውነት የታመመ ሰው ሲለምን የሚያምነው እንዳያጣ ነው። በውጭ አገር ሆነው ጎፈንድሚ የሚከፍቱ ወንድሞችና እኅቶችም ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰው ገንዘቡን ይከታተል፤ የወጣውም በዝርዝር ይነገር።

ሌላም አለ። የማደሪያው ድንኳን ሲሠራ ሕዝቡ በየማለዳው እያመጣ ከሚበቃው በላይ ሆነ። ሙሴም ወንድም ሆነ ሴት ከእንግዲህ ስጦታ አያምጣ ብሎ በሰፈሩ አሳወጀ፤ ሕዝቡም ማምጣቱን ተወ (ዘጸ. 36፥3-6)። ስጦታ ሲያሰባስብ የነበረ ሰው ራሱ «በቃ፣ ሞልቷል» አለ። እኛ ግሩፕ ውስጥ እንዲህ ያለ መልእክት ስንት ጊዜ ደርሷችሁ ያውቃል?