ካራ ዴቪድ፦ ጋዜጠኛና የዶክመንተሪ ሰሪ ከፊሊፒንስ

ካራ ዴቪድ የፊሊፒንስ ጋዜጠኛ፣ የቲቪ አቅራቢና የዶክመንተሪ ሰሪ ናት። ሙሉ ስሟ ካራ ፓትሪያ ኮንስታንቲኖ ዴቪድ ሲሆን የተወለደችው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1973 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቤሩት፣ ዱባይ ወይ ሪያድ ከፊሊፒኖዎች ጋር አንድ ቤት የኖራችሁ ስሟን ባታውቁት እንኳን ፊቷን ሳታዩት አትቀሩም፣ በሞባይል አይ-ዊትነስ የሚባለውን የዶክመንተሪ ፕሮግራም ከፍተው እንባቸውን ሲጠርጉ ካያችሁ ከሷ ስራዎች አንዱ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው።

ያደገችበት ቤት የምሁር ቤት ነው። አባቷ ራንዲ ዴቪድ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፊሊፒንስ ሶሲዮሎጂ ያስተማረ፣ የጋዜጣ አምደኛና የቲቪ ውይይት አቅራቢ ሲሆን በፌብሩዋሪ 2006 ፕሬዝዳንት አሮዮ የአስቸኳይ ጊዜ ባወጁ ቀን ሰልፍ ላይ ተይዞ ታስሯል። እናቷ ካሪና ኮንስታንቲኖ ዴቪድ (በ2019 አርፋለች) የአገሪቱን ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን በሊቀመንበርነት መርታለች፣ የእናቷ አባት ደግሞ ሬናቶ ኮንስታንቲኖ ነው፣ የፊሊፒንስን ታሪክ በቅኝ ገዢ ዓይን ሳይሆን በሕዝቡ ዓይን እንዲታይ ያደረገ የታሪክ ጸሐፊ። በዚህ ላይ የአባቷ ወንድም ፓብሎ ቪርጊሊዮ ዴቪድ፣ የፕሬዝዳንት ዱተርቴን የጸረ ዕፅ ግድያ ፊት ለፊት ሲቃወሙ የነበሩት የካሎካን ጳጳስ፣ በ2024 ካርዲናል ሆነዋል። እንዲህ አይነት ስም በር አይከፍትም ማለት ይከብዳል፣ ግን ልጅቷ የጀመረችው ከታች ነው።

ዩፒ ዲሊማን (የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፊሊፒንስ ዲሊማን ግቢ) ብሮድካስት ከተማረች በኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጂኤምኤ የሚባለው ጣቢያ ገብታ በፕሮዳክሽን አሲስታንትነትና በሪሰርቸርነት ስትሰራ ቆይታ ሪፖርተር ሆነች።

ስሟን ያስጠራት አይ-ዊትነስ ነው። በ1999 የተጀመረ ሳምንታዊ የዶክመንተሪ ፕሮግራም ሲሆን አቅራቢዎቹ ይፈራረቃሉ፣ ሃዊ ሰቨሪኖ፣ ሳንድራ አጊናልዶ፣ ጄይ ታሩክ፣ በኋላም አቶም አራዉሎ። የሚተላለፈው ሌሊት ነው፣ ሰው ከተኛ በኋላ፣ እና እንደዚያም ሆኖ ከጣቢያው ትልልቅ ሽልማቶች አንዳንዶቹ ከዚህ ሰዓት ነው የወጡት። አሰራሩ ከስቱዲዮ ዜና ይለያል፣ አቅራቢው ራሱ ቦታው ድረስ ይሄዳል፣ ጭቃ ውስጥ ይገባል፣ ከሰዎቹ ጋር ይበላል፣ ትረካውም በእንግሊዝኛ ሳይሆን በፊሊፒኖ ነው። ካራ በዚህ ጎበዝ ናት። ትረካዋ አጭር አጭር አረፍተ ነገር ነው፣ አትጮህም፣ ሰውየው ሲያወራ ዝም ብላ ትሰማዋለች።

ከሁሉም የሚጠቀሰው ስራዋ «አምቡላንሲያንግ ደ ፓአ» ነው፣ በእግር የሚሄድ አምቡላንስ እንደማለት። ቦታው ሚንዶሮ ደሴት ነው፣ ማንግያን ተብለው የሚጠሩት ስምንት ነባር ሕዝቦች የሚኖሩበት ተራራ። ማንግያኖች ድሮ ባህር ዳርቻውም የነሱ ነበር፣ ከሌላ ደሴት የመጣ ሰፋሪ እየገፋ ወደ ላይ አስወጣቸው። (በነገራችን ላይ ከነሱ ውስጥ ሀኑኖኦና ቡሂድ የሚባሉት እንደኛ ፊደል አንዱ ምልክት አናባቢውን ጭምር የሚይዝበት የራሳቸው ጽሕፈት አላቸው፣ አምባሃን የሚሉትን ግጥማቸውን ቀርከሃ ላይ በቢላ ይቀርጹታል።) መንገድ የለም፣ መኪና የለም፣ ሰው ሲታመም ሃሞክ (ተንጠልጣይ የጨርቅ ወይም የገመድ አልጋ) ውስጥ ያስተኙትና ሃሞኩን ረጅም ቀርከሃ ላይ አስረው አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ በትከሻ ይሸከሙታል፣ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ፣ ቁልቁለቱንና ወንዙን እንደዚሁ ሰዓታት ተጉዘው ነው ሐኪም ጋ የሚደርሱት። በቃሬዛ ሰው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሰ የገጠር ልጅ ይሄን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ነገሩ የተራራ ችግር ብቻም አይደለም፣ ከ1991ዱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ በኋላ የጤና አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገርና ወደ ማዘጋጃ ቤቶች ስለወረደ ገንዘብ የሌለው ማዘጋጃ ቤት ለዜጎቹ የሚሰጠው ነገር በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

ይሄ ዶክመንተሪ የ2010 ፒቦዲ ሽልማትን አገኘ። ፒቦዲ አሜሪካ ውስጥ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ነው፣ በብሮድካስት ሙያ ከትልልቆቹ አንዱ፣ ለጂኤምኤ ሁለተኛው ነበር። የመጀመሪያው በ1999 በጋዜጠኛዋ ጄሲካ ሶሆ ስራዎች የመጣ ነው፣ ከነዚህ አንዱ ስለ ኩላሊት ሽያጭ። ሌሊት የሚተላለፍ በአገር ቋንቋ የተሰራ ፕሮግራም ከአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች እኩል መድረክ ላይ መቆሙ ቀላል ነገር አይደለም።

ትችትም አለ። እንዲህ አይነት ዶክመንተሪ ድህነትን ለተመልካች መሸጥ ነው የሚል ክርክር ፊሊፒንስ ውስጥ ለፊልሞችም ለቲቪም ይነሳል፣ ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አይባልም። ካራን በተመለከተ ግን ትችቱ ብዙም የሚያስኬድ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ፕሮጀክት ማላሳኪት የሚል ፋውንዴሽን አቋቁማ ዶክመንተሪዎቿ ላይ የታዩ ልጆችን ታስተምራለች፣ ካሜራው ከሄደ በኋላም ግንኙነቱ አይቋረጥም። ጋዜጠኛ ከባለታሪኩ ጋር እዚህ ድረስ መቀራረብ አለበት ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ እዚያ ላይ ባለሙያዎቹ ይጨቃጨቁ።

ከዶክመንተሪ ውጪ ፒናስ ሳራፕ የሚባል የምግብ ፕሮግራም ታቀርባለች፣ ዩፒም አስተምራለች።

ሴፕቴምበር 2025 ላይ 52ኛ ልደቷ ሲከበር የተመኘችው ነገር ቲክቶክና ፌስቡክን አጥለቀለቀው፣ ሙሰኛ ፖለቲከኞች በሙሉ ይሙቱ ብላ ነው የተመኘችው። ጊዜው ለጎርፍ መከላከያ ፕሮጀክቶች የወጣ ገንዘብ ተበልቷል የሚለው ቅሌት ያፈነዳው ቁጣ የነገሰበት ነበር፣ በዚያው ወር 21 ማኒላ ላይ ብዙ ሕዝብ ሰልፍ ወጥቷል። ጋዜጠኛ ሞት መመኘት የለበትም ያሉ ነበሩ፣ አሜን ያለው ግን የትየለሌ ነው፣ ምኞቷን እየደገሙ የራሳቸውን ሻማ ያጠፉ ታዋቂ ሰዎችም ነበሩ።