ባሕር ሸሽ እርሻ ምንድን ነው?

ክረምት ሲወጣ ጣና ጢም ብሎ ይሞላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ጫፉ ይደርስና ከዚያ ወዲያ ከፊሉ ተንኖ፣ ከፊሉ በዓባይና ውሃውን ወደ በለስ ወንዝ በሚወስደው የተቆፈረ ዋሻ ወጥቶ እየጎደለ ይሄዳል፤ እጅግ ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ውሃው በሸሸ ቁጥር ከሥሩ ብቅ የሚለውን መሬት የሐይቁ ዳር ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል። በዚያ መሬት ውስጥ የቀረውን እርጥበት ተማምኖ፣ ዝናብ ሳይጠብቁ የሚዘሩት ደግሞ ባሕር ሸሽ እርሻ ነው። ከባሕር ዳር ዙሪያ ጀምሮ በደራ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም አድርጎ እስከ ደምቢያ ድረስ የተለመደ ነው።

መሬቱ እንዲህ የሚሰፋው ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ስላልሆነ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተንጣልሎ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። በዓመት ውስጥ ውሃው ከፍና ዝቅ የሚልበት ልዩነት በአማካይ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አይርቅም። ሜዳው ግን ለጥ ያለ ነው፤ መሬቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ ውሃው አንድ ሜትር ሲወርድ የአንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ዳርቻ ይገለጣል ማለት ነው።

ለገበሬው ጥቅሙ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ውሃ አምቆ ይይዛል፣ ቶሎም አይለቅም። ከላዩ ደግሞ የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ የሚያነጥፉት አዲስ ደለል አለ። ስለዚህ ብዙ ማዳበሪያ ሳይገዛ፣ ማሳውን ደጋግሞ ሳያርስ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጓያ፣ ጤፍ ወይም በቆሎ ያገኛል። ጥራጥሬዎቹ ሥራቸው ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጂን ከአየር ስለሚወስዱ መሬቱን አያራቁቱትም።

ጓያን ለብቻው ማንሳት ይገባል። ፎገራ ላይ ሩዙ ሳይታጨድ በመካከሉ ይበተናል፤ ሩዙ ሲነሣ ጓያው በቅሎ ይጠብቃል። በሬ መጥመድ የለ፣ ጉልጓሎ የለ። እንዲህ ድካም የሚቀንስ ሰብል ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል፣ ሽባነቱም አይድንም። ክፋቱ፣ ድርቅ መጥቶ ሌላው ሰብል ሲጠፋ የሚተርፈው እሱ ስለሆነ ሰው አብዝቶ የሚበላው በክፉ ዓመት ነው። ስለዚህ ሽምብራና ምስር በሚሆኑበት ቦታ ጓያን እንደ ርካሽ መፍትሔ ማስፋፋት አይዋጥልኝም።

ደለሉስ ከየት መጣ? ርብና ጉማራ የሚነሡት ከጉና ተራራ ወገን ነው። ፎገራ ላይ ለም የምንለው አፈር ፋርታና እስቴ ላይ ከሰው ማሳ ታጥቦ የወረደ ነው። የታችኛው ያተረፈውን የላይኛው ከስሮበታልና ባሕር ሸሽን ብቻውን አይቶ ዘላቂ ግብርና ነው ብሎ መመስከር አይቻልም። ላይ እርከን በደንብ ቢሠራ ታች የሚደርሰው ደለል ይቀንሳል። ለፎገራ ገበሬ ይህ ጉዳት መስሎ ሊታየው ይችላል፤ እየተሞላ ላለው ሐይቅ ግን እፎይታ ነው።

ትልቁ ችግር ያለው ዳርቻው ላይ ነው። ውሃው እስኪሸሽ የሚጠብቅ እርሻና ደንገል መንጥሮ ወደ ውሃው የሚገፋ እርሻ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ሐይቁ ተመልሶ የሚሸፍነውን ሜዳ ለጥቂት ወራት ይዋሳል። ሁለተኛው የሐይቁን አጥር ያፈርሳል። ደንገልና ፊላ ከየብስ የሚመጣውን ደለልና ማዳበሪያ አጣርተው ያስቀራሉ። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባው፣ አምባዛም ክረምት ሲገባ እንቁላሉን የሚጥለው ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ታንኳ ሠሪውም ያለ ደንገል ሥራ የለውም።

የዳርቻው ጥፋት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመጣ 1995 ዓ.ም. ላይ ታይቷል። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ላይ፣ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ውሃ ለማመጣጠን፣ በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ተጨማሪ በሮች ተገጠሙለት። የውሃ አጠቃቀሙ ከዝናብ እጥረት ጋር ተደምሮ ሐይቁ ክፉኛ ወረደ፣ የጀልባ ጉዞም ተስተጓጎለ። የተገለጠው ዳርቻ ወዲያው ታረሰ፣ ብዙ ደንገልም ጠፋ። ጥፋቱን ሁሉ ገበሬው ላይ መጫን የማይገባውም ለዚህ ነው፤ ውሃውን ያወረደው እሱ አልነበረም።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ተጨመረ። ውሃው ሲሸሽ አረሙ ሜዳው ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ነቅሎ፣ ከምሮ ማጽዳት አለበት። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ሥራው በአንድ በጋ አያልቅም። እምቦጭን የሚያወፍረው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ በብዛት ከማሳና ከከተማ ፍሳሽ የሚመጣ ነው። ዳርቻው ላይ ሽንኩርት ተክሎ፣ በፓምፕ እያጠጣ፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የሚጨምርን ሰው ባሕር ሸሽ ያርሳል ለማለት ይቸግረኛል። የሚረጨው ነገር ከውሃው የሚለየው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው።

የከብት ጉዳይም አለ። የፎገራ ከብት በበጋ የሚሰማራው እዚሁ የሸሸ ሜዳ ላይ ነበር፤ እርሻው በሰፋ ቁጥር ግጦሹ ጠቦ ጠብ ይነሳል።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮ ከሰው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ የሚጠበቀውን፣ ዙሪያውን የሚከልለውንና ሰው የሚጠቀምበትን ክፍል መለየት የአሠራሩ አካል ነው። ባሕር ሸሽን ጨርሶ መከልከል ግን ትርጉም አይሰጠኝም፤ ውሃ ለቆት የሄደ ሜዳ ላይ ሽምብራ መዝራት ጣናን አይጎዳም። ሊከለከል የሚገባው ደንገልና ፊላ ያለበትን ዳርቻ ማረስና ውሃው አጠገብ ኬሚካል መርጨት ነው። አስቸጋሪው ነገር፣ የዚህ መሬት ወሰን ከዓመት ዓመት ከውሃው ጋር መንቀሳቀሱ ነው። አምና ያረሰው ዘንድሮም የኔ ነው ይላል፤ ውሃው የበለጠ በሸሸበት ዓመት አዲስ የተገለጠውን ማን እንደሚያርሰው ቀድሞ ካልተወሰነ ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ያርሰዋል፣ ሊደርስ የሚችለውም ደንገሉን በመመንጠር ነው።