ያን ቺኮልድና የመጽሐፍ ገጽ ሥርዓት

ያን ቺኮልድ (1902–1974 እ.ኤ.አ.) በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጽሐፍ ታይፖግራፊ (ፊደልን መርጦ በገጽ ላይ የማደራጀት ጥበብ) ሲነሣ ስሙ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ዲዛይነር፣ የፊደል ቅርጽ ነዳፊና መምህር ነው። ጀርመናዊ ሆኖ ተወልዶ ስዊዘርላንዳዊ ሆኖ ሞተ። ብዙ ጊዜ የሚወራለት በወጣትነቱ የሰበከውን አብዮት በጎልማሳነቱ መካዱ ነው። ታሪኩ ለመተረክ ይመቻል። ነገር ግን ለዛሬ አንባቢ ያተረፈለት ነገር ከክርክሩ ይልቅ በማተሚያ ቤቶች ውስጥ ይገኛል፤ ፊደል ለቃሚዎችን፣ ማለትም የብረት ፊደላትን እየደረደሩ ለኅትመት የሚያዘጋጁትን ሠራተኞች፣ በቃልና በቃል መካከል ስንት ክፍተት መተው እንዳለባቸው ሲያስተምር ኖሯል።

የተወለደው የጀርመን የመጽሐፍ ንግድ ማዕከል በነበረችው ላይፕዚግ ነው። አባቱ በሱቅና በድርጅት ሰሌዳዎች ላይ ፊደል በመጻፍ የሚተዳደር ባለሙያ ነበር። ልጁ ሠዓሊ መሆን ቢመኝም ወላጆቹ የሠዓሊ እንጀራ አያስተማምንም ብለው ወደ ሥዕል መምህርነት ገፉት። በ1919 በከተማዋ የግራፊክ ጥበብና የመጽሐፍ ሥራ አካዳሚ ገባ፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላውም የማታ ተማሪዎችን ቁም ጽሕፈት እንዲያስተምር ተመረጠ።

በ1923 ቫይማር ላይ ባውሃውስ የተባለውን የዘመናዊ ዲዛይን ትምህርት ቤት ዐውደ ርእይ ተመልክቶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ የማተሚያ ሙያ መጽሔት ልዩ እትም የአዲሱን አካሄድ መርሆች ዘርዝሮ አወጣ፤ በዚያን ጊዜ ለሩሲያ አብዮተኞች ከነበረው ፍቅር የተነሣ ራሱን ኢቫን ብሎ ይጠራ ነበር። ርእስን ገጹ መካከል ላይ ማስቀመጥ ያለፈበት ልማድ ነው፤ ፊደሉ በጫፎቹ ላይ ትናንሽ እግርና ጌጥ የሌለው ይሁን፤ ወረቀቱ በወጥ መለኪያ ይቆረጥ፤ በእጅ ሥዕል ፈንታ ፎቶግራፍ ይግባ። የፉቱራን ፊደል የነደፈው ፓውል ሬነር በ1926 ወደ ሙኒክ ጠራውና በማተሚያ ሙያ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በ1928 ያሳተመው «አዲሱ ታይፖግራፊ» የተሰኘ መጽሐፍም ለሠራተኛው መመሪያ እንዲሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

ናዚዎች ሥልጣን እንደያዙ በመጋቢት 1933 ታሰረ፤ ሥራውንም አጣ። ሲፈታ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ወደ ባዝል ተሰደደ። እዚያም እያስተማረና ለአሳታሚዎች እየሠራ ኑሮውን እንደገና ጀመረ።

ሐሳቡ የተለወጠው በእነዚህ የስደት ዓመታት ነው። ረጅም ልብ ወለድ ወይም የግጥም መድበል ሲያዘጋጅ የቀድሞው ሕግ አላዋጣው አለ፤ ቀስ በቀስ ወደ ጥንታዊዎቹ ፊደላትና ርእስን ገጹ መካከል ላይ ወደ ማስቀመጥ ተመለሰ። በ1946 ስዊዘርላንዳዊው ዲዛይነር ማክስ ቢል ከዳተኛ ብሎ በጽሑፍ ነቀፈው። ቺኮልድም አዲሱ ታይፖግራፊ ሌላውን ሁሉ የማይታገሥ፣ እንደ ወታደር ሁሉን በትእዛዝ ለማሰለፍ የሚቃጣ እንደነበረና ይህም ከሸሸው ሥርዓት መንፈስ ጋር እንደሚዛመድ መልስ ሰጠ። ንጽጽሩ ተጋኗል፤ በዚያ መንገድ ከሄዱት ብዙዎቹ ራሳቸው በናዚዎች የተሳደዱ ነበሩና።

በ1947 ፔንግዊን የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ድርጅት መሥራች አለን ሌን የድርጅቱን መጻሕፍት ገጽታ እንዲያስተካክልለት ወደ እንግሊዝ ወሰደው። ድርጅቱ በርካሽ ዋጋ በብዛት ያሳትም ነበር፤ ሥራው ግን በብዙ ማተሚያ ቤቶች ተበታትኖ ስለሚሠራ እያንዳንዱ ቤት በለመደው መንገድ ይለቅም ነበር። ቺኮልድ አራት ገጽ ብቻ የሆነ የለቀማ ደንብ ጻፈ። በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ይሁን። ከነጥብ በኋላ ሰፊ ባዶ ቦታ አይተው። አንቀጽ ሲጀመር መስመሩ ገባ ይበል፤ ከምዕራፍ ርእስ ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው አንቀጽ ግን ከዳር ይጀምር። መስመር እንዳይሳሳ ካስፈለገ ቃል ይቆረጥ።

ከሁሉ በላይ ያደከመው የላቲን ትልልቅ ፊደላት ነገር ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ችግሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነው። ርእስ በትልልቆቹ ብቻ ሲለቀም ቀጥ ያለ ቋሚ ያላቸው ፊደላት ጎን ለጎን ከሆኑ የተጣበቁ ይመስላሉ፤ ዘንበል ያሉት ደግሞ የተራራቁ። በመሐላቸው ያለውን ርቀት በማስመሪያ እኩል ማድረግ አይበቃም፤ ለዓይን እኩል መምሰል አለበት። ይህን ደጋግሞ መጻፍ ቢሰለቸው፣ ክፍተቱ በዓይን ሚዛን ይመጣጠን የሚል የጎማ ማኅተም አሠርቶ በእርማት ወረቀቶች ላይ ይመታ ጀመር። ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ከ500 በላይ መጻሕፍት በእጁ አለፉ። በ1949 የፓውንድ ዋጋ ሲወድቅ ደመወዙም አብሮ ወደቀና ወደ ስዊዘርላንድ ተመለሰ። ቦታውን ሃንስ ሽሞለር ተረከበ።

ከዚያ በኋላ የጥንት የእጅ ጽሑፎችን እየለካ የገጽ ኅዳግ ምሥጢር ሲፈልግ ቆየ። በ1953 የደረሰበት ቀመር ቀላል ነው። የገጹ ስፋትና ቁመት 2 ለ3 ይሁን፤ ኅዳጎቹ ከውስጥ 2፣ ከላይ 3፣ ከውጭ 4፣ ከታች 6 እጅ ይሁኑ። 18 በ27 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገጽ ብንወስድ ኅዳጎቹ 2፣ 3፣ 4 እና 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ለጽሑፉ የሚቀረው ቦታ 12 በ18 ነው። የጽሑፉ ቁመት ከገጹ ስፋት ጋር እኩል መጣ ማለት ነው፤ ቅርጹም የገጹን ቅርጽ ይደግማል። የግርጌውን ኅዳግ ከራስጌው አስፍቶ መተው በእኛ የብራና መጻሕፍትም የተለመደ ስለሆነ ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ብዙም አይገረምም።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራው ሳቦን የተባለው ፊደል ነው። የጀርመን ማተሚያ ቤት ባለቤቶች በእጅ ቢለቀም፣ ፊደላትን አንድ በአንድ በሚያወጣው ሞኖታይፕ ወይም ሙሉ መስመር በአንድ ጊዜ በሚያወጣው ላይኖታይፕ ማሽን ቢሠራ መልኩ የማይለወጥ ፊደል ይፈልጉ ነበር። ላይኖታይፕ ቀጥ ያለውንና ዘንበል ያለውን ፊደል በአንድ ቅርጽ ማውጫ ላይ ስለሚይዝ የሁለቱ ስፋት እኩል መሆን ግድ ነው፤ ዘንበል ያለው ፊደል በተፈጥሮው ጠበብ ማለት ቢወድም። ቺኮልድ መነሻውን ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ፊደል ቀራጭ ከክሎድ ጋራሞን ወስዶ በዚህ ጠባብ መንገድ አለፈ። በ1967 ወጣ፤ ስሙም ከያኮብ ሳቦን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍራንክፈርት ይሠራ ከነበረው ፊደል ቀራጭ፣ የተወሰደ ነው።

ቺኮልድ በ1974 ሎካርኖ ውስጥ አረፈ። የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ከአምስት ዓመት በኋላ ያሳተመችው የጸሎት መጽሐፍ የተለቀመው በሳቦን ነው።