በድጋፍ የታገዘ ሥራ ለአካል ጉዳተኞች፦ በደሴና ኮምቦልቻ

በድጋፍ የታገዘ ሥራ የሚባለው አካል ጉዳተኛ ወይም የቆየ ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ በመደበኛ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ ሥልጠናውንም ድጋፉንም እዚያው እየሠራ የሚያገኝበት አሠራር ነው። ሥራውን የሚያለማምደው ደጋፊ አብሮት ይውላል፤ ሠራተኛው እየለመደ ሲሄድ ደጋፊው ቀስ በቀስ ይርቃል። አሠራሩ አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተስፋፋ። ከዚያ በፊት «መጀመሪያ ይሠልጥን፣ ከዚያ ሥራ ይፈለግለታል» ይባል ስለነበር ብዙው ሰው ሥልጠና ላይ ይቀር ነበር።

በአገራችን አካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት በ1963 ዓ.ም. በትዕዛዝ ተቋቁሟል። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 101 ወጣ።

በዚሁ ጉዳይ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው፤ የሚገባውን ያህል አልተነበበም። ተመሳሳይ ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ በቅጥር፣ በዕድገትና በሥልጠና ቅድሚያ ያገኛል። ቀጣሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ማመቻቸት፣ ሲያስፈልግም ረዳት መመደብ አለበት። ሴት አካል ጉዳተኞች በሴትነታቸውም በጉዳታቸውም ያለባቸው ድርብ ጫናም ታስቦበታል። መድልዎ ደርሶብኛል ያለ ሰው መነሻ ካሳየ፣ አለመድረሱን የማስረዳት ሸክም ወደ ቀጣሪው ይዞራል። በድጋፍ የታገዘ ሥራ ዋና ሐሳብ እንግዲህ ሕጋችን ውስጥ አለ።

ወሎም ለዚህ ባዶ እጇን አይደለችም። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች የኖረ ባለውለታ ነው። ሥጋ ደዌ እጅን ስለሚያደነዝዝ፣ ታክሞ የዳነ ሰው እንኳ የሚያቃጥለውና የሚቆርጠው ሳይሰማው ሊጎዳ ይችላል። ወፍራም ጓንትና በጨርቅ የተጠቀለለ የመሣሪያ እጀታ ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ። ደሴ ውስጥ የሰው ሠራሽ አካል የሚሰጥ ማዕከልም አለ። ከተማዋ ዳገታማ ስለሆነች ግን ክራንች ወይም ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው የባጃጁ ሒሳብ ራሱ የሥራ ጉዳይ ነው።

ኮምቦልቻ ሜዳማ ናት፤ ፋብሪካውም እዚያ ነው። ከቆየው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሌላ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ስፌት ላይ መስማት የተሳነው ሠራተኛ በደወል ፈንታ የመብራት ምልክት ይበቃዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ከከፍታና ከሚሽከረከር ማሽን ርቆ ጥራት ቁጥጥር ላይ ቢመደብ ይሠራል፤ የሕክምና ቀጠሮ ቀን ፈቃድ ግን አይከልከል።

የሚያከራክረው ወጪው ነው። አዋጁ ግዴታውን ከቀጣሪው አቅም በላይ አያደርገውም፤ የማመቻቻው ወጪ፣ የድርጅቱ ስፋትና የሠራተኛው ብዛት ይታያል። ትንሽ ሱቅ ሙሉ ጊዜ ረዳት መቅጠር ይከብደው ይሆናል። ትልቅ ፋብሪካ ግን ይህን ምክንያት ሲያቀርብ ማስረጃውን መጠየቅ ተገቢ ነው።