«እሱን የሚያህል ሰው?» ባልን ስለሚያጠቁ ሚስቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እሱን የሚያህል ሰው እንዴት በሚስቱ ይመታል?»

ጉልበት የሚለካው ሁለቱ ለግብግብ ተዘጋጅተው ሲቆሙ ነው። ቤት ውስጥ ግን ሰውየው ተኝቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ወይም ልጅ ታቅፎ ሊሆን ይችላል። የፈላ ውሃ፣ ቢላዋና የተወረወረ ብርጭቆ ደግሞ ጡንቻ አይጠይቁም። ብዙ ባሎች መልሰው የማይመቱትም እጃቸውን አንዴ ካነሱ ጥፋቱ ሁሉ በእነሱ እንደሚላከክ ስለሚያውቁ ነው።

«ቁጥሩ ኢምንት ነው» ወይም «ከሴቶቹ እኩል ነው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 ባካሄደው ጥናት፣ ከ4 ሴቶች 1ዷ፣ ከ7 ወንዶች ደግሞ 1ዱ በሕይወት ዘመናቸው ከፍቅር ወይም ከትዳር ጓደኛ ከባድ አካላዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጉዳቱና ሞቱ በሴቶች ላይ ይበረታል፤ ይህ ግን የተመታውን ባል ቁስል አያሽረውም።

«ካልመታችው ጥቃት አይባልም»

ደመወዙን መቀማት፣ ስልኩን መበርበር፣ ከዘመድ መነጠል፣ «ልጆቹን አታያቸውም» ወይም «መታኝ ብዬ አሳስርሃለሁ» ማለት ጥቃት ነው። እንግሊዝ ይህን መሰሉን የማያቋርጥ ቁጥጥር እ.ኤ.አ. በ2015 ወንጀል አድርጋ ደንግጋለች። በ2018 በዚሁ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደባት ሴት፣ ካደረሰችው ከባድ የአካል ጉዳት ጋር ተደምሮ 7 ዓመት ከመንፈቅ እስራት ተወስኖባታል።

«ሁለቱም ይማታሉ፤ ሁለቱም ጥፋተኛ ናቸው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያም ጭምር። አልፎ አልፎ ንዴት ገንፍሎ መገፋፋት አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ሌላውን በፍርሃት መግዛቱ ሌላ። ቁስል ብቻውን አይናገርም። በወንዱ ክንድ ላይ ያለ የንክሻ ምልክት እሷ ስትታነቅ ለመትረፍ የነከሰችው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ማን ቀድሞ መታ?» ብሎ ማቆም አይበቃም። ማን ማንን ይፈራል? እቤት ከመግባቱ በፊት የሌላውን ስሜት የሚገምተው የትኛው ነው? ከጠብ በኋላ ኑሮውን የሚለውጠውስ?

«ማስረጃ ስለሌለው ማንም አያምነውም»

ማስረጃ ይሰበሰባል። ጉዳቱን በዚያው ቀን፣ ከዚያም በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ፎቶ ማንሳት ይገባል፤ ሰንበር ዘግይቶ ይጎላልና። አንዱ ፎቶ ፊትን ከጉዳቱ ጋር ያሳይ፤ ሌላው ከቅርብ ሆኖ መጠኑን የሚያሳይ ሳንቲም አጠገቡ ይቀመጥ። ቀንና ሰዓት፣ የተባለው ቃል፣ ያየው ሰው ይጻፍ። ባልየው ሐኪም ዘንድ «ወድቄ ነው» ካለ መዝገቡ በኋላ መልሶ ይመሰክርበታል። ቅጂው ከቤት ውጭ፣ እሷ በማታውቀው የይለፍ ቃል ይቀመጥ። ጠብ ሲጀመር ከወጥ ቤት ርቆ፣ መውጫ በር ባለበት በኩል መሆን ይሻላል።

«አብረው ምክር ቢያገኙ ይፈታል»

ፍርሃት ባለበት ቤት የጋራ ምክክር አደገኛ ነው። ባልየው አማካሪው ፊት ለተናገረው ማታ ቤት ውስጥ ዋጋ ይከፍላል። መጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ፣ በተለያየ ሰዓት ማነጋገር ያስፈልጋል፤ እሱ የተናገረውም ለእሷ አይነገርም።