ተቆርቋሪ ተቃውሞ ምንድን ነው?

"ሰልፍ" የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ድሮ ጦርነት ማለት ነበር። በቀድሞው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ዳዊትና ጎልያድ የገጠሙት "ሰልፍ" ነው። ዛሬ ዘይት ለመግዛትም እንሰለፋለን። "ሰላማዊ ሰልፍ" ስንል እንግዲህ ቃል በቃል "ሰላማዊ ጦርነት" እያልን ነው። ለዚህ ይሆን እንዴ ብዙ ሰው ሰልፈኛ ሲያይ ጠላት የመጣ የሚመስለው? "አገር ማሰደብ ነው" ይባላል። "ካልተመቸው ለምን አይሄድም?"

ተቆርቋሪ ተቃውሞ የምንለው ግን አገሬ ብሎ የሚነሳውን ነው። ስሜቱን ለመረዳት "አቤት" የሚለውን ቃል ማሰብ ይበቃል። ድሮ የተበደለ ሰው ንጉሥ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ "አቤት! አቤት!" ይል ነበር። ጩኸቱ ክስ ነው። እምነትም አለበት። ዳኛ የለም ብሎ የቆረጠ ሰው አቤት አይልም። ወይ ይሸፍታል፣ ወይ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል።

በዴሞክራሲ የመጨረሻው ዳኛ ሕዝብ ነው ስለሚባል አቤቱታው አደባባይ ይወጣል። አሜሪካኖች በሰላም መሰብሰብንና ለመንግሥት አቤት ማለትን እ.ኤ.አ. በ1791 በሕገ መንግሥታቸው የመጀመሪያ ማሻሻያ አሰፈሩ። በኦገስት 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ዋሽንግተን ላይ በ250 ሺህ ያህል ሰው ፊት ቆመው የተናገሩት የባንክ ቤት ቋንቋ ነበር። አገሪቱ ለጥቁር ዜጎቿ የጻፈችው ቼክ በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ተመለሰ አሉ። ባንኩ ከስሯል ብለን ግን አናምንም፤ ቼኩን ልንመነዝር መጥተናል። ተቆርቋሪ ተቃውሞን ከዚህ አሳጥሮ የገለጸ ሰው አላውቅም።

ባንዲራ መያዝ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 የአሜሪካን ምክር ቤት ሰብረው የገቡትም ባንዲራ ይዘው ነበር፤ ራሳቸውንም አገር ወዳድ ይሉ ነበር። የመጡት ግን የድምፅ ቆጠራውን ሊያስቆሙ ነው። ይሄ አቤት ማለት አይደለም፤ ዳኛውን ከወንበሩ መጎተት ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ታሪክ ደግሞ ኢየሩሳሌም ላይ ነው የሆነው። በአማርኛ የአገር ፍቅር የሚነገረው በደም ነው፤ "ደሙን አፍስሶ፣ አጥንቱን ከስክሶ" እንላለን። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶችም እንደ እኩዮቻቸው ወታደር ሆኑ፣ ደምም ለገሱ። ነገሩን በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት። ወታደሩ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ይዘረጋል። መርፌው ይገባል፣ ከረጢቱ ቀስ እያለ ይሞላል፣ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ደም። አመስግነው ይሸኙታል። እሱ ከሄደ በኋላ ከረጢቱ ይጣላል።

ይህን በጃንዋሪ 1996 ያጋለጠው ማአሪቭ የተባለው ጋዜጣ ነው። የደም ባንኩን የሚመራው ማገን ዳቪድ አዶም ኤችአይቪን ፈርቶ የኢትዮጵያውያንን ደም ለዓመታት በድብቅ ሲያስወግድ ኖሯል። ከቀናት በኋላ 10 ሺህ ያህል ሰው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተሰበሰበ። ድንጋይ ተወረወረ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ተጎዳ። ድንጋዩን አላደንቅም። ጥያቄው ግን ይገርመኛል። ሰዎቹ ከአገሪቱ አንድ ነገር ስጡን ብለው አልነበረም የመጡት። የሰጠናችሁን ለምን ጣላችሁ ነው ያሉት። እዚህ ላይ "ካልተመቸህ ሂድ" ማለት ምን ትርጉም አለው? የተቆጣው እኮ ለአገሩ ደሙን ሊሰጥ ክንዱን የዘረጋው ሰው ነው።

መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ጉዳዩ ግን በዚያ አልተቋጨም። በዲሴምበር 2013 ደም ለጋሾችን የሚቀበል ጣቢያ እዚያው የእስራኤል ምክር ቤት ውስጥ ተከፍቶ ነበር። ኢትዮጵያ የተወለዱት የምክር ቤት አባል ፕኒና ታማኖ-ሻታ ሊለግሱ ሄዱ። በልጅነታቸው በዚያ የደም ተቃውሞ ላይ እንደነበሩ ራሳቸው ተናግረዋል። አሁን ሕግ አውጪ ሆነው እንደገና ክንዳቸውን ዘረጉ። የተወለዱት ኢትዮጵያ ስለሆነ መመሪያው አይፈቅድም ተባሉ። ወሬው ሲሰማ አፈ ጉባኤው ጣቢያው ከምክር ቤቱ እንዲወጣ አዘዙ።