የተማሪዎች ኅብረት ውጤት ያስተካክላል?

ጥያቄው በየሴሚስተሩ መጨረሻ ስለሚደጋገም፣ በተለይ ለፍሬሽ ተማሪዎች ላስረዳ። አያስተካክልም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ኅብረቱ የተማሪው ተወካይ እንጂ ወሳኝ አካል አይደለም። ድምፅ ያሰማል፣ ይከታተላል፣ ይደራደራል።

ለምሳሌ ሲ ስትጠብቂ ኤፍ መጣ እንበል። መጀመሪያ መምህሩን አነጋግሪና የፈተና ወረቀትሽን እዪ። ካልተግባባችሁ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቺ። ወረቀቱ እንደገና ይታረም የሚለው እዚያ ነው የሚወሰነው። ኅብረቱ የሚገባው ማመልከቻሽን አልቀበልም ያለ ወይም መልስ ሳይሰጥ ያቆየ ሲኖር ነው። ያኔ ዝም ማለት የለበትም፤ የተመረጠው ለዚህ ነው።

የካፌው ጉዳይ ግን ለየት ይላል። ዳቦ ሲያንስ፣ ወጡ ውኃ ሲሆን፣ ዶርም ውስጥ ውኃ ሲጠፋ ችግሩ የጋራ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ኅብረቱ ውሰዱት። በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመንም እዚህ ላይ ነው።

ከግቢ ግቢ የሚለያየው የአመራረጡ ሥርዓትና የውጤት ቅሬታ ማቅረቢያ ቀን ነው፤ የራሳችሁን ዩኒቨርሲቲ ሌጅስሌሽን (መተዳደሪያ ደንብ) እዩ። ቀኑ ካለፈ ኅብረቱም ብዙ ሊረዳችሁ አይችልም። ማመልከቻ ስታስገቡ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ አስፈርሙ።